በ10 ዓመት ልውጣ ወይስ 20ውን ልሙላ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎም አርሚ ውስጥ ነበሩና ይረዱኛል ብዬ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ 33 ነው። በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አክስቴ ጋ ትንሽ ተቀመጥኩና በ2016 አርሚ ገባሁ። አሁን ስታፍ ሳርጀንት ነኝ። ሙያዬ 88 ማይክ ነው፤ የከባድ መኪና ትራንስፖርት። ያለሁት ኤል ፓሶ፣ ፎርት ብሊስ ነው። ውሌ ሊያልቅ 13 ወር ቀርቶታል። ያኔ 10 ዓመት ከ8 ወር ይሞላኛል።

ኩዌት፣ ኮሪያና ፖላንድ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ሄጃለሁ። ከፖላንድ ስመለስ የ4 ዓመት ልጄ አቀባበሉ ላይ እናቷ ጀርባ ተደበቀች። ሳቅፋት አለቀሰች። ታናሽ ወንድሟ ገና 1 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ደክሟታል።

ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ውጣና ትራክ ንዳ፣ በሳምንት 3 ሺህ ዶላር ትሠራለህ› ይለኛል። አባቴ ደግሞ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር። ስልክ ላይ እንባ እየተናነቀው ‹እኔ በ83 ባዶ እጄን ነው ቤቴ የገባሁት፤ አንተ ጡረታህን እንዳትተው› አለኝ። ለጡረታው 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የቀረኝ ግማሹ መንገድ ነው። ልውጣ ወይስ ልሙላው? – ከኤል ፓሶ»

(ደብዳቤውን አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከአባቱ 83 በስተቀር።)

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ሙሉው ሁለት ገጽ ነው። አንዱን ገጽ የጡረታ ሒሳብ በልቶታል። ግማሽ ገጽ የአጎትህ ልጅ ትራክ ነው። ባለቤትህ እንዴት እንዳለች የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ «ደክሟታል»። እዚያ ቃል ላይ እንመለሳለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሰለቸህ ምኑ ነው? ዩኒፎርሙ ነው? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፒ.ቲ. መሮጡ ነው? አለቃህ ነው? ደብዳቤህ ውስጥ አርሚን የሚያማ አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። እንዲያውም ስለ ወታደሮችህ ስትጽፍ ደስ እያለህ ነው። ያማረረህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤትህ አለማደርህ። ልጅህ እናቷ ጀርባ የተደበቀችው አባቷ ወታደር ስለሆነ አይደለም። ስለማታውቀው ነው።

እንግዲህ ምርጫዎችህን በዚህ እንለካቸው። «በዓመት ስንት ሌሊት ቤቴ አድራለሁ?» ብለህ ጠይቅ። ደመወዙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ሚዛን ሲለካ መጀመሪያ የሚወድቀው ትራኩ ነው።

አትቀየመኝ፤ ትራክ የሚነዱ ወገኖቼን አከብራለሁ። ስንቱ ቤት የገዛው፣ ስንቱ ልጅ ያስተማረው በዚያ ነው። ግን በሳምንት 3 ሺህ የሚባለው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ሎንግ ሆል ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቤት። ሕጉ በቀን 11 ሰዓት ያስነዳሃል፤ ከዚያ 10 ሰዓት ታርፋለህ። ዕረፍቱ ግን ከልጅህ አጠገብ አይደለም። ኦክላሆማ የሆነ ትራክ ስቶፕ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ነው። ፖላንድን በኦክላሆማ ለወጥክ ማለት ነው። ፖላንድ ሳለህ ደግሞ ቢያንስ የቤትህ ኪራይና የልጆችህ ሕክምና በአርሚ ይሸፈን ነበር።

ለመሆኑ 3 ሺህው ምንድን ነው? የአጎትህን ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው። «ከናፍጣ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከትራኩ ወርሃዊ ክፍያና ከጎማ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በለው። ዝም ካለ መልሱን አግኝተሃል።

ያም ሆኖ ሲ.ዲ.ኤል.፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ፣ ከእጅህ እንዳይወጣ። በውትድርና ከባድ መኪና ቢያንስ 2 ዓመት የነዳ ሰው የመንዳት ፈተናውን ሳይፈተን ፈቃዱን የሚያገኝበት መንገድ አለ። አንዳንድ ስቴቶች ላንተ ዓይነት ሙያ ላለው ሰው የጽሑፉንም ፈተና ይተውለታል። ሥራውን ካቆምክ 1 ዓመት ሲያልፍ ግን ዕድሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ዩኒፎርሙን ሳታወልቅ አውጣው። ፈቃዱ ኪስህ ውስጥ ካለ ማታ ማታ ቤት የሚያስገባ ሥራም ይገኝበታል። ዋሽንግተን አካባቢ የሜትሮ አውቶቡስ፣ የካውንቲ አውቶቡስ፣ የካውንቲ የጭነት መኪና አለ። እርግጥ አዲስ ሹፌር ሽፍት የሚመርጠው ከሁሉም በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አጉል ሰዓት ይደርስሃል። ግን የምታድረው ቤትህ ነው።

አሁን ወደ ጡረታው።

ከሁሉ በፊት የትኛው የጡረታ ሥርዓት ውስጥ እንዳለህ እወቅ። «በ2018 የሆነ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር ክሊክ አድርጌያለሁ፣ ግን ምን እንደሆነ አላስታውስም» ብለሃል። ሳነበው ሳቅኩ፤ ብዙ ወታደር እንዳንተው ነው። ያ ክሊክ ግን ቀላል አይደለም። በ2016 የገባ ሰው የቆየው ሥርዓት ውስጥ ነው። በ2018 ውስጥ ፈቅዶ ከተሻገረ ደግሞ አዲሱ፣ ብሌንድድ የሚሉት ውስጥ ነው። ካልተሻገርክ ነገሩ ገደል ነው፤ 20 ዓመት ሞልተህ ትወጣለህ ወይ ከጡረታው አንድ ሳንቲም አታገኝም። 19 ዓመት አገልግለህም ብትሆን። ከተሻገርክ ደግሞ መንግሥት በየወሩ ቲ.ኤስ.ፒ. በሚባለው የጡረታ ቁጠባ አካውንትህ ውስጥ ሲጨምርልህ ኖሯል፤ ከመነሻ ደመወዝህ እስከ 5 ፐርሰንት። እሱ ብትወጣም ያንተው ነው። ማወቂያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በየወሩ የሚመጣልህ የደመወዝ ዝርዝር፣ ኤል.ኢ.ኤስ. ላይ ተጽፏል።

ሒሳቡን በምሳሌ ልሥራልህ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲቀል ነው የመረጥኩት። ስትወጣ ከፍተኛ ደመወዝ ያገኘህባቸው 36 ወራት አማካይ መነሻ ደመወዝ 5,000 ዶላር ነው እንበል። በቆየው ሥርዓት 20 ዓመት የሞላ ሰው ግማሹን፣ 2,500 ዶላር በየወሩ ያገኛል። በብሌንድድ 40 ፐርሰንት ነው፤ 2,000 ዶላር። ይህ ከ43 ዓመትህ ጀምሮ ዕድሜ ልክህን ነው፤ የኑሮ ውድነት ማስተካከያም አለው። በቆየው ሥርዓት እስከ 75 ዓመትህ ብትቆይ ማስተካከያውን ሳንቆጥር 960 ሺህ ዶላር ይመጣል። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ሕክምና በትንሽ ክፍያ ይቀጥላል።

አባትህ ዝም ብሎ አይደለም የሚያለቅሰው።

ስለ አባትህ ትንሽ ልበል። በ83 የሆነውን አንተ በወሬ ነው የምታውቀው። ያ ሁሉ መቶ ሺህ ሠራዊት በአንድ ሰሞን ተበተነ። ከኤርትራ በእግሩ ሱዳን የገባ አለ። ካኪውን እንደለበሰ መንገድ ዳር ቆሞ የለመነ አለ። የኔም አጎት አንዱ ነበር። መቶ አለቃ ሆኖ ሄዶ በሰው ጫማ ተመለሰ። እስኪሞት ድረስ «ወረቀቴ» እያለ ይፈልግ ነበር፤ የአገልግሎት ዘመኑን የሚመሰክርለት ወረቀት። አባትህ «ጡረታህን እንዳትተው» ሲልህ ስለ አሜሪካ ጡረታ ፐርሰንት እያወራ አይደለም። አገልግሎቱን ያወቀለት ሰው ስላጣ ነው። ያንተ ደግሞ እንዳይጠፋ ነው የሚፈራው።

ያንተ ግን አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው አንተም አባትህም የተሳሳታችሁት። ሁለታችሁም ነገሩን በሁለት በር ከፍላችሁታል፤ 20 ሞልቶ በክብር መውጣት፣ ወይም አሁን ሁሉን ጥሎ መውጣት። ሦስተኛ በር አለ። እኛ ሐበሾች ብዙም አናወራውም።

ናሽናል ጋርድ ወይም አርሚ ሪዘርቭ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ገደማ። አክቲቭ ዲውቲ፣ ማለትም የሙሉ ጊዜ ወታደር ሆነህ የቆየህባቸው 10 ዓመታት እንዳሉ ይቆጠሩልሃል። ከዚያ 9 ዓመት ከምናምን በጋርድ ስታገለግል 20 ይሞላል። ክፍያው በነጥብ ይሰላል፤ በዓመት ቢያንስ 50 ነጥብ ካላገኘህ ዓመቱ አይቆጠርም፤ ልምምድህን ሳትቀር ከሄድክ ግን 78 ገደማ ታገኛለህ። ቁጭ ብዬ ደመርኩልህ። በቆየው ሥርዓት ወደ 32 ፐርሰንት ይደርሳል፣ በብሌንድድ ወደ 26። የሚከፈልህ ግን በ43 ሳይሆን በ60 ዓመትህ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልደብቅህም። ባዶ እጅ ግን አይደለም። ሕክምናም አለ። ለጋርድና ለሪዘርቭ አባላት በወር አነስተኛ ክፍያ ትራይኬር፣ የወታደሩ የጤና ኢንሹራንስ፣ ይሸጣል፤ ከቀጣሪ ኢንሹራንስ ጋር ስታወዳድረው ትገረማለህ። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከገባህና የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ከደረሰህ ለጊዜው ይህኛውን መግዛት አትችልም።

ጋርድም ዲፕሎይ ያደርጋል፤ ውጭ አገር ይዘምታል። «አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ» ብሎ ለሚስቱ ምሎ ከዓመት በኋላ ጂቡቲ የተገኘ ሰው አውቃለሁ። ሚስቱ አሁንም ታነሳበታለች። ቢሆንም የጋርድ ዲፕሎይመንት በስንት ዓመት አንዴ ነው። ፎርት ብሊስ ግን ከአንዱ ሮቴሽን፣ ከአንዱ የዘጠኝ ወር ጉዞ፣ ተመልሰህ ሻንጣህን ሳትፈታ የሚቀጥለው ይወራል።

አራተኛም በር አለ። ውል ለማደስ ከወሰንክ ዝም ብለህ አትፈርም። ውል የሚያድሰው ሪቴንሽን ቢሮ ሄደህ የምድብ ቦታ መምረጥ የሚያስችል አማራጭ አለልኝ ወይ ብለህ ጠይቅ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ፎርት ቤልቮር፣ ፎርት ሚድ፣ ፎርት ማየር አሉ። ባንተ ማዕረግና ሙያ ክፍት ቦታ ካለ ኤል ፓሶን ለቀህ የባለቤትህ እናት ካለችበት ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ሳትርቅ ልትሆን ትችላለህ። እነዚህ ቦታዎች እንደ ፎርት ብሊስ ብርጌዶች ተጠራርገው አይዘምቱም። «እናይልሃለን» ካሉህ ግን የለም ማለት ነው። አርሚ ውስጥ ውል ላይ ያልሰፈረ ነገር ቃል አይባልም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

ከፊርማ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ልጅህን የሚመለከት። ጂ.አይ. ቢል 36 ወር የኮሌጅ ክፍያ ነው። ላንተ ካላስፈለገህ ለልጆችህ ማስተላለፍ ትችላለህ። ግን የሚተላለፈው አገልግሎት ላይ እያለህ ብቻ ነው። 6 ዓመት ያገለገለ ሰው ተጨማሪ 4 ዓመት ፈርሞ ያስተላልፋል። አራቱን ዓመት በጋርድ ወይም በሪዘርቭ ማገልገልም ይቆጠራል። ሙሉ በሙሉ ሲቪል ከሆንክ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ፤ የሚከፍትልህ የለም። ስንት ሰው ከወጣ በኋላ «ለልጄ አዞራለሁ» ብሎ ሲሄድ «አይቻልም» ተብሎ እንደተመለሰ ብነግርህ። አራቱን ዓመት ካልጨረስክ ደግሞ ይነጠቃል። ራስህ ልትማርበት ካሰብክ ሌላ ነገር ነው። በክፍል ውስጥ ስትማር ትምህርት ቤቱ ባለበት አካባቢ ዋጋ የቤት ኪራይ አበል ይከፈልሃል። ሁሉንም ኦንላይን ከወሰድክ አበሉ በጣም ያንሳል።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር። ለዚህ ነው ይህን ዓምድ የጀመርኩትም ማለት ይቻላል።

እኔ የወጣሁት በ8 ዓመቴ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ይጮሃል፤ ዛሬም ይጮሃል። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይንቋቋል። በስምንት ዓመት ውስጥ ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነበር መልሴ። በእንግሊዝኛ። ለእኛ ይሄ ሰላምታ ነው። ለነሱ የሕክምና መረጃ ነው፤ «ሕመም የለበትም» ብለው ጻፉት። ስወጣ ፋይሌ እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነበር። በኋላ ከአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከቪ.ኤ.፣ ካሳ ስጠይቅ «ሕመሙ አገልግሎት ላይ መጀመሩን አሳይ» አሉኝ። በምን ላሳይ? ለዓመታት ተመላለስኩ።

አንተ የጭነት መኪና ሰው ነህ። ወገብህ ደህና እንዳልሆነ ሳትነግረኝ አውቃለሁ። ጆሮህም እንደዚያው። ከነገ ጀምሮ ሂድና ተናገር፤ ይጻፍ። ይህ ልመና አይደለም፣ ማጭበርበርም አይደለም። ልትወጣ ከ180 እስከ 90 ቀን ሲቀርህ የካሳ ጥያቄህን ገና ወታደር እያለህ ማስገባት ትችላለህ። ያኔ ካስገባህ ምርመራውን ከመውጣትህ በፊት ይጨርሱልሃል፣ ውሳኔውም ቶሎ ይደርሳል። ማመልከቻውን የሚሞሉልህ ማኅበራት አሉ፤ አሜሪካን ሌጅዮን፣ ዲ.ኤ.ቪ.፣ ቪ.ኤፍ.ደብልዩ.። በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ ሽሸው።

ደግሞም ቀኑ ቀርቧል። የመውጫ ዝግጅቱ፣ ታፕ የሚሉት፣ ቢዘገይ 365 ቀን ሲቀር መጀመር አለበት። አንተ 13 ወር አለህ። ገና አልወሰንኩም ብለህ አትቆይ፤ ታፕ መጀመር አያስወጣህም። ስኪልብሪጅም አለ። የመጨረሻዎቹን ወራት የአርሚ ደመወዝህን እየተከፈለህ ሲቪል ድርጅት ውስጥ የምትሠለጥንበት ነው። ሕጉ እስከ 180 ቀን ይላል፤ አርሚ ግን በማዕረግ እያየ ያሳጥረዋል፣ አዛዥህም መፍቀድ አለበት። ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል።

ፌዴራል ሥራ ስለሚባለው ባጭሩ። አርበኛ ስትሆን ቅጥር ላይ ቅድሚያ አለህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የአርሚ ዓመታትህን «መግዛት» መቻልህን ነው። ከመነሻ ደመወዝህ 3 ፐርሰንቱን ለእነዚያ ዓመታት ትከፍላለህ፤ 10 ዓመትህ ለፌዴራል ጡረታ ይቆጠርልሃል። ፖስታ ቤትም ይሠራል። ቶሎ ከከፈልክ ወለድ የለውም። እንዲህ ስልህ ግን በ2025 ዋሽንግተን አካባቢ ስንቱ የፌዴራል ሠራተኛ ከሥራ እንደወጣ ረስቼ አይደለም። «መንግሥት ቤት አይወድቅም» የሚለው የድሮ ተረት ሆኗል። ማመልከቻህን ካውንቲም፣ ግል ድርጅትም፣ ሁሉም ጋ በትን።

የቲ.ኤስ.ፒ. ብርህን ደግሞ እንዳትነካው። ለትራክ ቅድሚያ ክፍያ ወይም አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ብለህ ብታወጣው ታክሱ ሳይቆጠር 10 ፐርሰንት ቅጣት አለው። የቤት ነገር ካሳሰበህ የቪ.ኤ. የቤት ብድር አለልህ፤ ያለ ቅድሚያ ክፍያ።

አሁን ወደዚያች ቃል። «ደክሟታል»።

አንተ ፖላንድ በነበርክበት ጊዜ እሷ ኤል ፓሶ ውስጥ አራስ ልጅ ይዛ፣ የ3 ዓመት ልጅ ጎትታ፣ ሆስፒታል ሽፍት ትገባ ነበር። እናቷም እህቷም አሌክሳንድሪያ ናቸው። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት የሚይዝላት ሰው የለም። ጠይቀሃታል ወይ? «ልውጣ ወይ?» ብለህ አይደለም። እንዲህ ብለህ ከጠየቅካት «አንተ እንዳልክ» ነው የምትልህ፤ የእኛ ሴቶች ሸክሙን መልሰው ላንተ የሚሰጡበት ጨዋ ዘዴ ነው። «ሌላ 9 ወር ብሄድ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። ዝም በልና ስማ። መልሷ ከእኔ ስሌት ሁሉ ይበልጣል።

እሷ ደግሞ በገንዘቡ በኩልም ትልቁ ካርድህ ናት፤ አንተ ግን አልቆጠርካትም። ቴክሳስም ቨርጂኒያም በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ ስትዛወር ፈተና እንደገና አትቀመጥም፤ የነዋሪነት ፈቃዷን ወደ ቨርጂኒያ ታዞራለች። ሆስፒታል ከተቀጠረች የቤተሰብ ኢንሹራንስ በእሷ በኩል ይመጣል። ጋርድም ሪዘርቭም ሳትገባ ሙሉ በሙሉ ሲቪል ከሆንክ በወጣህበት ቀን ትራይኬር ይቆማል፤ የእሷ መሥሪያ ቤት ግን ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ካሳወቃችሁ ቤተሰቡን ይመዘግባል። አርሚ የገባኸው ከአሌክሳንድሪያ ስለሆነ የመጨረሻውን የዕቃ ማጓጓዣ ወደዚያ አርሚ ይከፍላል። ሁሉም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ሲያመራ አይታይህም?

እኔ አንተን ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ሪቴንሽን ቢሮ ሄጄ ቤልቮር ወይም ሚድ በጽሑፍ ካገኘሁ እፈርማለሁ፣ በዚያው ሳምንት ጂ.አይ. ቢሉን ለልጄ አስተላልፋለሁ፣ ከዚያ 20ውን መሙላት ቀላል ይሆናል። ካልተገኘ ውሌ ሲያልቅ ከአክቲቭ ዲውቲ ወጥቼ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ጋርድ እገባለሁ፤ እዚያም አገልግሎት ላይ እያለሁ ጂ.አይ. ቢሉን አስተላልፋለሁ። ማታ ቤቴ የሚያስገባ ሥራ እይዛለሁ፣ ደመወዙ ለጊዜው ቢያንስም። ከሁሉ የማላደርገው ፎርት ብሊስ ላይ ሌላ ውል መፈረም ነው። 960 ሺህው ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ግን 9 ዓመት ከ4 ወር በአሁኑ አካሄድ ቢቀጥል ሌላ ሦስት ሮቴሽን ነው። ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ወር። ያኔ ልጅህ 14 ዓመቷ ነው፤ እናቷ ጀርባ አትደበቅም፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ነው የምትዘጋው።

ለሁለት ነገር ግን ተዘጋጅ። አንደኛው የጠዋቱ ነገር ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ለወራት ከጠዋቱ 11 ሰዓት እነቃ ነበር። ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። የምሄድበት የለም። ሳርጀንት የሚለኝ የለም። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አለቃዬ የ24 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስብሰባ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ ደሜ ይፈላ ነበር። እሱ ደግሞ የምቆጣበት አይገባውም። ያልፋል፤ ግን በሳምንት አያልፍም። የጋርዱ ቅዳሜና እሁድ ለዚህም ይረዳል፤ በወር አንዴ ቋንቋህን ከሚሰሙ ሰዎች ጋር ትውላለህ።

ሁለተኛው አባትህ ነው። ስልክ ላይ ስለ ፐርሰንት አትንገረው። አገልግሎትህ የተጻፈበትን ዲዲ 214 የሚባለውን ወረቀት ስታገኝ በቪዲዮ ደውልለትና አሳየው። ስምህን፣ ማዕረግህን፣ የገባህበትንና የወጣህበትን ቀን እያነበብክ ተርጉምለት። እሱ ያጣው እሱን ነው።

ዛሬ ማታ ግን ልጆቹ ሲተኙ ኤል.ኢ.ኤስ.ህን ክፈትና የትኛው ሥርዓት ውስጥ እንዳለህ እይ። ከዚያ ባለቤትህን ያንን ጥያቄ ጠይቃት። የሁለቱንም መልስ ጻፍልኝ።